ትርንጎ ላላየችው ሰው ያወረደችው ሙሾ

ትርንጎ ሰው ሲያወራት ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። የማያውቃት እንግዳ የናቀችው ይመስለዋል። የፋርጣ፣ የጉና ተራራ ሥር ሰው ግን አመሏን ስለሚያውቅ፣ «ወሬህን ትታ ድምፅህን እየለቀመች ነው፤ ተጠንቀቅ፣ የሞትህ ዕለት ታወጣዋለች!» እያለ ይስቃል። ቢስቅም እውነቱን ነው። ትርንጎ ሙሾ አውራጅ ናት። ያውም የሌላ ሰው ግጥም ተቀብላ የምታስተጋባ አይደለችም፤ ግጥሙንም ዜማውንም ከራሷ የምታወጣ ናት። ከደብረ ታቦር እስከ እብናት አፋፍ ድረስ ደህና ሰው የሞተ እንደሆነ፣ ለመቃብር ቆፋሪ ከመነገሩ በፊት ለትርንጎ በቅሎ ይላካል። ጎረቤቶቿ ይኼን ለእንግዳ ሲያወሩ ደረታቸውን ነፍተው ነው፤ የአገራቸው ሰው ናታ!

ሌላው አውራጅ ሁሉ ሦስት አራት ዜማ አለው። ለሽማግሌ አንድ፣ ለጎልማሳ አንድ፣ ለእናት አንድ፤ ስሙን እየለወጠ በዚያው ይዘልቃል። ትርንጎ ይኼን አትወድም። «ሰው ሁሉ አንዲት የራሱ ድምፅ አለችው» ትላለች። ድምፅ ስትል ዘፈን ማለቷ አይደለም። አንዱ ከብት ሲጠራ መጨረሻዋን ከፍ ያደርጋታል። አንዷ ደጅ ቆማ «ቤቶች!» ስትል ድምጿ መሐል ላይ ስብር ይላል። አንዱ ከመናገሩ በፊት ሁለቴ ይስላል። ትርንጎ ያችን ታነሣና ዜማዋን በእሷ ላይ ትሠራለች። ታዲያ ሙሾው ሲጀመር፣ ግጥሙ ገና ሳይመጣ፣ በዜማው ብቻ ለቀስተኛው «ውይ! እሱን እኮ ነው!» ብሎ ይንሰፈሰፋል። እመት አመተማርያም የሞቱ ጊዜ ዜማውን ዶሮ በሚጠሩበት ድምፅ ብታወጣው፣ የሴትየዋ ዶሮዎች ከየጓሮው እየሮጡ ልቅሶው መሐል ገቡ። ያን ቀን ያላለቀሰ ሰው አልነበረም፤ ያልሳቀም አልነበረም።

ይኼ ሁሉ ከየት መጣ ቢሉ፣ ከብዙ ቦታ ነው። ልጅ ሆና ከቤተ ክርስቲያኑ ምዕራብ በር ውጭ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ደብተራዎቹ ሲያዜሙ ትሰማ ነበር። ቃሉ ግእዝ ስለሆነ አይገባትም። ስለማይገባትም ዜማውን ከቃሉ ለይታ መስማት ለመደች። ከአባቷ ደግሞ የውድማውን ተማረች። በሬዎቹ ገብሱን ሲያበራዩ አባቷ ከኋላ ከኋላቸው እየዞረ ያዜማል፤ ዜማው የሚከተለው የበሬዎቹን እግር ነው። በሬዎቹ ሲደክሙ ዜማውም ያዘግማል፤ ሲነቃቁ ይነቃቃል። ትርንጎ ሙሾ ስታወርድ ቀኝ እግሯ ቀስ እያለ መሬቱን የሚደበድበው ከዚያ የለመደችው ነው።

ጣልያን ደብረ ታቦር ከገባ ወዲህ እንኳ ጆሮዋ አላረፈም። አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ከምሽጉ መለከት ሲነፋ ብትሰማ ቀጥ ብላ ቆመች። ጎረቤቷ እመቤቴ ደንግጣ፣ «እትዬ፣ የጠላት መለከት ቆመው ይሰማሉ?» አለቻት።

«መለከቱ ምን አደረገኝ፤ ነፊው እንጂ» አለች ትርንጎ።

መኪና ዳገቱን ሲወጣ ያጓራውንም ሳምንት ሙሉ ከራሷ ማውጣት አቅቷት፣ «ይኼ ደግሞ ሲሞት ማን ያለቅስለት ይሆን?» እያለች ሴቶቹን ታስቅ ነበር።

ሙያውን ያስያዘቻት አክስቷ የሺ ናት። የሺ ቁጡ ነበረች። ትርንጎ በዐሥራ አምስት ዓመቷ አንድ የታወቀ ስስታም ሽማግሌ ሞቶ፣ እጁ የተዘረጋ ደጁ የተከፈተ ብላ ብታለቅስለት፣ የሺ ከለቀስተኛው መሐል ክንዷን ቆንጥጣ ጎትታ አወጣቻት።

«እጁ ሲዘረጋ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ደጁ ሲከፈትስ?»

«ኧረ አክስቴ፣ ልጆቹን ደስ እንዲላቸው ብዬ…»

«ደስ ልታሰኚ ከሆነ ሠርግ ሂጂ! የሞተ ሰው ተነሥቶ እኔ እንዲህ አልነበርኩም አይልሽም። አንቺ የዋሸሽበትን ማን ያርምለታል? ያላየሽውን፣ ካየው ሰው አፍም ያልሰማሽውን አትበይ። አለቀ።»

ትርንጎ ይኼን ቃል እንደ ንስሐ ያዘችው። ሰው ሞተ ተብላ ስትጠራ አስቀድማ ከቤተ ዘመዱ ጋራ ትቀመጣለች። ምን ይወድ ነበር፣ ሲቆጣ ምን ይላል፣ ማንን በድሎ ማንን ክሷል፣ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ለእያንዳንዱ ግጥም አንዲት ባቄላ ትይዛለች፤ ግጥሙ ሲሞላላት ባቄላዋን ከግራ መዳፏ ወደ ቀኝ ታሳልፋታለች። የራሷ ባል ሲሞት እንኳ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ሲያንኮራፋ ምሰሶው ይነቃነቅ እንደነበረ፣ ሲጣሉም ሳይመሽ ቀድሞ የሚያናግራት እሱ እንደነበረ፣ ይኼን ብቻ ነው ያለችው። ይኼንን የሰሙ ባልቴቶች ግን ያን ባል እስከ ዛሬ ያስታውሱታል።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል በዋለ ሰሞን ነው። እብናት አፋፍ ላይ አርበኞች ከጣልያን ጋራ ተዋግተው ተበተኑ። በአራተኛው ቀን አንድ ሰው ወደ እመቤቴ ቤት መርዶ ይዞ መጣ፤ ባሏ ፈንታሁን ወድቋል። ፈንታሁን የትርንጎ እኩያ ነው፤ አብረው ነው ያደጉ። ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ ጉረኛ፣ የፊት ጥርሱ አንዲቷ የወለቀች፣ በሬ ሲጠራ ድምፁ ሦስት ሸንተረር የሚሻገር ገበሬ ነበር። ትርንጎ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ሥራዋን ጀመረች።

«ሲወድቅ አይተኸዋል?» አለች መርዶ ነጋሪውን።

«አይቻለሁ። አልተነሣም።»

«ወዴት ዞሮ ነበር?»

«እሱን እንጃ። ጭስ ነበር፤ ሁሉም ይሮጥ ነበር።»

ዜማውን ዳለቻ የሚባለውን በሬውን በሚጠራበት ድምፅ አወጣችው። የመጀመሪያው ግጥም ወዲያው መጣላት፦

ዳለቻ ተነሥቶ በር በሩን ያያል፣
የሚጠራው ድምፁ እብናት ላይ ቀርቷል።

አራት ባቄላ አሳለፈች። አምስተኛዋ፣ የመጨረሻዋ፣ መዳፏ ውስጥ ቀረች። ሙሾ በአሟሟት ነው የሚዘጋ፤ የሞተበትን ሁኔታ ደግሞ ያየ የለም። ለቀስተኛው ከደጅ ይጠብቃል። የፈንታሁን ልብስና ጋሻ ከአጎዛ ላይ ተዘርግቷል። በዚህ መሐል አንዲት ግጥም ሳትጠራት ከች አለች፦

ተመለስ ቢሉትም ፊቱን አላዞረም፣
ደረቱን ሰጣቸው፣ ጀርባውን አላዩም።

ትርንጎ ይኼን ካየ ሰው አልሰማችም፤ ታውቃለች። ግን እንዴት ያምራል! ከዜማው ጋራ እንዴት ይገጥማል! የሺም ከሞተች ቆይታለች፤ ክንዷን የሚቆነጥጣት የለም። ባቄላዋን አሳልፋ ወጣች።

ልቅሶው እንዲህ ነበር ተብሎ አይነገርም። ወንዶቹ ሳይቀሩ ተንበረከኩ። ግጥሟ በሳምንቱ ደብረ ታቦር ገበያ ደረሰች፤ በሁለተኛው ሳምንት አጫጆች በየማሳው ያዜሟት ጀመር። «የማን ናት?» ሲባል «የትርንጎ!» ይባላል። ትርንጎም፣ አይ እውነቱን እንናገር፣ በመንገድ ስታልፍ አንገቷ ትንሽ ቀና ማለት ጀምሮ ነበር።

በጥቅምት ማለቂያ ላይ አርባው ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰው ሁሉ አጨዳ ላይ ሳለ፣ እመቤቴ እየሮጠች መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ይምጡ። ምንም አይጠይቁኝ፤ ብቻ ይምጡ።»

ትርንጎ እመቤቴ ቤት ስትገባ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ መደቡ ላይ፣ ፈንታሁን በሆዱ ተኝቶ ቆሎ ይቆረጥማል።

አማተበች። ከዚያ ደገመች። ከዚያ ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች።

«ምነው እታለም ትርንጎ፣ አልቅሰሽልኝ ስታበቂ ብነሣ ደስ አይልሽም?» አለ ፈንታሁን በጥርሱ ክፍተት እየሳቀ።

«አንተ… አልሞትክም?»

«ምን ላድርግ፣ እንቢ አለኝ!»

የሆነው እንዲህ ነው። ፈንታሁን ቆስሎ ወድቆ፣ ጦሩ ካለፈ በኋላ አንድ ገበሬ በአህያ ጭኖ እንደ በሽተኛ ወንዛዬ ፍል ውኃ አደረሰው። እዚያ በሽተኛ ብዙ ነው፤ ጋቢውን ተከናንቦ ለሚነከር ሰው ማን ልብ ይለዋል? ሦስት ሳምንት ያህል ቁስሉን በፍል ውኃው ሲያጥብ ሰነበተ።

«አንድ ጧት» አለ፣ «ከእብናት በኩል የመጣች ባልቴት አጠገቤ ውኃው ውስጥ ሆና ማልቀስ ጀመረች። እሰማለሁ፣ ዳለቻ ትላለች። የእኔ በሬ! እሰማለሁ፣ ፈንታሁን ትላለች። የራሴን ሙሾ ነው የምሰማ! አለቀስኩ፤ ምን ልዋሽሽ፣ ለራሴ አለቀስኩ። ኋላ ‹ጀርባውን አላዩም› ስትል ግን…» ብሎ ቆሎውን ዘገነ።

«ግን ምን?» አለች ትርንጎ።

እመቤቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ፈንታሁን በመቀመጫው በኩል ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ጭኑን አሳያት። ጥይቱ የገባው ከኋላ ነው።

«ስሮጥ ነው እታለም። ሽሹ ተባለ፣ ሸሸን። እኔ ደግሞ ትልቅ ኢላማ ነኝ። ባልቴቷ ግጥሙን ባለች ቁጥር ውኃው ውስጥ ዝቅ፣ ዝቅ እላለሁ፤ እንዳታይብኝ!»

እሱ ሳቀ። ትርንጎ አልሳቀችም። ስንት ዓመት፣ በስንት ሙታን ፊት ጠብቃ የኖረችውን የየሺን ቃል በአንዲት ያማረች ግጥም አፈረሰችው። ያውም ግጥሟ አሁን በየማሳው ናት፤ ተመልሳ አትገባም።

«ከእንግዲህ አፌን አልከፍትም» አለች። «ሙሾ በቃኝ።»

«ውይ እትዬ፣ እንዲህ አይበሉ!» አለች እመቤቴ እግሯ ላይ ወድቃ። «አርባውን ማን ሊያወርድልኝ ነው? ግራዝማች ተክሌ እመጣለሁ ብለዋል እኮ!»

ግራዝማች ተክሌ ማዕረጉንም ጠመንጃውንም ከጣልያን የተቀበለ የአገሩ ሹም ነው። ከፈንታሁን ጋራ የቆየ ጠብ አላቸው። ወንዛዬ ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ታየ የሚል ወሬ ደርሶት፣ «እስቲ አርባውን ሐዘን ልድረስ» ብሎ ልኳል። ሐዘን ሊደርስ እንዳልሆነ የገባው ሁሉ ገብቶታል። አርባው ካልተደረገ ወይም ትርንጎ ከቀረች ይጠረጥራል። ከጠረጠረ ቤቱ ይቃጠላል፣ እመቤቴ ትታሰራለች፣ ፈንታሁንን እስኪያገኘው ጉናን ያስሳል። ትርንጎ ወጥታ እንደ መጀመሪያው ካለቀሰች ደግሞ፣ ያኔ ሳታይ ያለችውን አሁን ዓይኗን ገልጣ ልትዋሽ ነው።

ይኼንን ሲያብሰለስሉ የንስሐ አባታቸው መምሬ ወልደጊዮርጊስ ከተፍ አሉ። እመቤቴ በማለዳ ነግራቸዋለች። ገና ደፉን ሳይሻገሩ ጀመሩ፦

«እኔ በነፍስ ላለ ሰው ፍትሐት አልፈታም! ቆሎ እየቆረጠመ ለሚያየኝ ሰው ዕጣን አላጥንም! ምን ብዬ?»

«እኔም ያው ነኝ አባ» አለች ትርንጎ። «ሁለታችንም ተይዘናል።»

ፈንታሁን ቆሎውን አስቀመጠ። አሁን እሱም አልሳቀም። «በእኔ ሰበብ ሰው አይጎዳ። ተነሥቼ ወደ ጓደኞቼ ወደ ጉና ልውጣ፣ ያዘኝም አልያዘኝም።»

ትርንጎ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትሰማው ነበር። ድንገት ገለጠችና፣ «ከዚያ ሜዳ ማን አነሣህ?» አለችው። «በዚያ ጭን ስንት እርምጃ ትሄዳለህ? ሁሉ ሸሽቷል አላልክም?»

ፈንታሁን በክንዱ ተደግፎ ቀና አለ።

«እሸቴ ነው። የላስታ ሰው ነው፤ የአጋሰስ ነጂ። ከእኛ ጋራ ከነሐሴ ወዲህ ነው የተቀላቀለ። ካለፈኝ በኋላ ተመለሰ። አጋም ሥር ጎትቶ ከተተኝ። ቅሉ ውስጥ የቀረችውን ውኃ አፌ ላይ ደፋት፤ እሱ አልቀመሳትም። ወደ እኔ ሲመጡ ደግሞ እንዳያገኙኝ ብሎ ፊት ለፊታቸው ወጣ። ደረቱን ነው የመቱት። እዚያው ቀረ። እዚህ አገር የሚያውቀው ሰው የለም፤ ልቅሶም አልተቀመጠለትም።»

መምሬ ወልደጊዮርጊስ አማተቡ።

«የክርስትና ስሙን ታውቀዋለህ?» አሉ።

«አውቀዋለሁ አባ። ከመዋጋታችን በፊት ሁላችንም እንነጋገራለን፤ የተረፈ ለሞተ ያስፈታለት ብለን። ኃይለ ጊዮርጊስ ነው።»

«እንግዲያማ ይፈታል!» አሉ መምሬ፣ መቋሚያቸውን መሬት ላይ ቸከል አድርገው። «ኃይለ ጊዮርጊስ ብዬ በሙሉ ድምፄ! አርባውም የእሱ ነው፤ የሞቱት በአንድ ቀን አይደል የተባለው?»

ትርንጎ ወደ መደቡ ጠጋ ብላ ተቀመጠች። ፊቷ ተለውጧል።

«በል ንገረኝ። ይኼ እሸቴ ምን ድምፅ ነበረው?»

«ድምፅ? ደህና ድምፅ ነበረው።»

«እሱን አይደለም የምጠይቅህ! ሲነሣ፣ ሲቀመጥ፣ በቅሎ ሲጠራ ምን ያደርጋል?»

«እ! ያፏጫል። በቅሎ ባይኖረውም ያፏጫል። ጠመንጃውን ሲወለውል፣ ውኃ ሲቀዳ፣ ሁልጊዜ ያችኑ ፉጨት።»

«አፏጫት።»

ፈንታሁን ከንፈሩን አሾለ። ከወለቀችው ጥርሱ መሐል ነፋስ ብቻ «ፍስስስ» ብሎ ወጣ። ደገመው፤ ባሰ። እመቤቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰረች። መምሬ ወልደጊዮርጊስ ወደ ጣራው ማየት ጀመሩ።

«የእባብ ሙሾ ላወርድ ነው እንዴ?» አለች ትርንጎ። «ተወው፣ በአፍንጫህ አንጎራጉረው።»

«ህም፣ ህም… ህምምም።»

«መጨረሻው ወጣ ወይስ ወረደ?»

«ወጣ። አይ… ወጥቶ ተንጠለጠለ።»

«እንዴት ነው የተንጠለጠለው? ቶሎ አለቀ?»

«የለም፤ በቅሎዎቹ ቀና ብለው እስኪያዩት እንደሚጠብቅ ነው። እንደዚያ ነው የሚቆም።»

ትርንጎ ሞከረችው። ፈንታሁን ራሱን ነቀነቀ። አንዷን ድምፅ አሳጠረች። አሁንም ነቀነቀ። ሁለቱን አጭሮች አስጠግታ ሦስተኛዋን ከፍ አድርጋ ለቀቀቻትና፣ ከማለቋ በፊት ትንፋሿን ያዘች። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ሰውነት መደቡ ላይ ተንቀጠቀጠ። ፈንታሁን ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«እሱ ነው» አለ። «እሱ ነው፤ በቃ።»

ትርንጎ ከእመቤቴ ጎታ ባቄላ ዘግና ወደ ቤቷ ሄደች። ፈንታሁን በማግስቱ በበቅሎ ወደ ጉና ወጣ።

በአርባው ቀን ደጁ በሰው ጢም ብሎ ሞላ። ከወንዛዬም ከእብናትም የመጣ ዘመድ ነበር። መምሬ ወልደጊዮርጊስ ፍትሐቱን አደረሱ፤ የክርስትና ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ከወትሮው እጥፍ ነበር። ግራዝማች ተክሌ ከሁለት ጠመንጃ ያዦቹ ጋራ መጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። የሚያየው እመቤቴን ነው፤ ታለቅሳለች አታለቅስም እያለ።

ትርንጎ ገባች። ቀኝ እግሯ መሬቱን መምታት ጀመረ። ከዚያ ያች ዜማ መጣች፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ተንጠልጥላ የምትጠብቅ። ለቀስተኛው ግራ ተጋባ፤ የዳለቻን ጥሪ ነበር የጠበቁት። ትርንጎ ግን በግልጽ ተናገረች፦

«ከፈንታሁን ጎን አንድ የላስታ ሰው ነበር። እሸቴ ይባላል። የሚያለቅስለት ዘመድ አላወቀም። ዛሬ እኛ ዘመዱ ነን።»

እሸቴ የላስታው የአጋሰስ ነጂ፣
ሰው ጥሎ አልሄደም ራሱ ቀረ እንጂ።

በቅል ያለች ውኃ ለቁስለኛ ሰጥቶ፣
እሱ ጠምቶት ሞተ ከፊታቸው ወጥቶ።

እናት አልሰማችም፣ እኅት አላወቀች፣
የፋርጣ ሴት ሁሉ ቆማ አለቀሰች።

ስለ ውኃው ባለች ጊዜ እመቤቴ እሪ ብላ መሬት ላይ ወደቀች። ያ ጩኸት የተማሩት አልነበረም። ያች ውኃ የማን ጉሮሮ እንደገባች የምታውቅ እሷ ናት። እሷን ተከትሎ ደጁ በሞላው ተናወጠ፤ የየራሱን የሩቅ ሟች ያስታወሰ ሁሉ አብሮ ፈሰሰ። ትርንጎ ዐሥራ አንድ ባቄላ አሳለፈች፤ አንዷም ግጥም ካየው ሰው አፍ ያልወጣች አልነበረችም። ድምጿ እንደዚያ ቀን ወጥቶ አያውቅም። ራሷም ተሰማት፤ የተናገረችው ሁሉ ከእግሯ ሥር እንደ ዐለት ጠንክሮ ቆሞላታል።

ልቅሶው ጋብ ሲል ግራዝማች ተክሌ ከበርጩማው ሳይነሣ ጣቱን ቀሰረ።

«አንቺ ትርንጎ! ያችን በየማሳው የምትባለዋን ምነው ዋጥሻት? ደረቱን ሰጣቸው የምትለዋን? እስቲ በያት።»

እመቤቴ እንባዋ ደረቀ። መምሬ ወልደጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ጨበጡ። ትርንጎ የቀኝ መዳፏን ጨብጣ ቆመች። ግጥሟን ማለት ቀላል ነበር፤ አፍ ላይ ያለች ናት። ብትላት ሁሉም በሰላም ወደየቤቱ ይሄዳል።

«ያችን ትቻታለሁ ጌታዬ» አለች።

«ለምን?»

«ሐሰት ናት። ያላየሁትን ነው ያልኩት፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አጥፍቻለሁ። ኋላ እዚያው ከነበረ ሰው አፍ ሰማሁ። ፈንታሁን ደረቱን አይደለም የተመታው። ሲሮጥ ነው። ከኋላው፣ እዚህ ጋ» ብላ የራሷን ጭን በስተኋላ በጥፊ መታችው።

ግራዝማች ተክሌ ሳቀ። ልቅሶ ቤት መሆኑን ረስቶ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ሲሮጥ! ያ ጉረኛ! መቀመጫውን!»

ሊደብቁት የፈለጉ ቢሆን ኖሮ ያሞግሱት ነበር፤ በአርባው ቀን፣ በሚስቱ ፊት፣ ሲሸሽ ተመታ ብሎ የሚያዋርድ ማን አለ ብሎ ጥርጣሬውን ተወ። ስንት ዓመት ሲመኘው የነበረውን ደግሞ በነጻ ሰማ። ተነሥቶ አቧራውን አራግፎ፣ «በሉ ነፍስ ይማር» ብሎ በበቅሎው ወጣ። ያች ወሬ ስለጣመችው ምሽጉ ድረስ ራሱ አደረሳት፤ ከዚያ በኋላ ፈንታሁንን የፈለገ የለም።

የፈንታሁን ዘመዶች ግን ትርንጎን ሊበሏት ደረሱ። «አዋረድሽን! እንጀራችንን በልተሽ ስማችንን ቀበርሽው!» እያሉ እስከ በሯ ተከተሏት። ጣልያን ወጥቶ ፈንታሁን እያነከሰ በጠራራ ፀሐይ መንደሩ የገባ ጊዜ እነዚያው ዘመዶች ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ለምነዋታል። ያኔ ግን ገና ነበር፤ ያኔ ስድቡን ተሸክማ፣ ራሷን ቀና አድርጋ ገባች።

ከጉና የፈንታሁን መልእክት የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። እመቤቴ በጆሮዋ ሹክ አለቻት፦ «‹የጣልያኑ ጥይት ሽሮልኛል፤ የትርንጎ ግን ገና ያመኛል በዪልኝ› ብሏል። ‹የእሸቴን ግጥም ሁሉንም ይዘሽ ነይ፣ ጓደኞቹ ሊማሩት ነው› ብሏል።»

በዚያው ቀን ትርንጎ ደጅ ሦስት ሴቶች መጥተው ቆመው ነበር። ከልቅሶው ማግስት ወደየአገራቸው መሄድ ሲገባቸው ያልሄዱ ናቸው። ፊት የቆመችው ባልቴት ከእብናት ወዲያ የመጣች ናት፤ ልጇ ከተምቤን ዘመቻ አልተመለሰም፤ መርዶ እንጂ ሙሾ አልነበረውም።

«ትርንጎ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?» አለች። «ለማታውቂው ሰው ያለቀስሽው?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«የእኔን ልጅም አታውቂውም። ሙላቴ ይባላል። ሲስቅ… እኔ አልችልበትም፤ አሮጊት ነኝ…»

ትርንጎ የደጇን ድንጋይ በነጠላዋ ጠርጋ አስቀመጠቻት። ከፊት ለፊቷ መሬቱ ላይ ቁጭ አለችና ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

«ቀስ ብለው እማማ» አለች። «መጀመሪያ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል ወይስ ወዲያው ይስቃል?»